የናንጁንዳያ ቬንትሌተር

በየመሥሪያ ቤቱ ደህና የቆመ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው አንድ ሰው አይጠፋም። የተሰቀለ ሥዕል ያቃናል፤ የተቀመጠ ወንበር ይጎትታል፤ የተዘጋ በር ከፍቶ እንደገና በወጉ ይዘጋል። ሞት ራሱ ቢመጣበት ኮሌታውን ሳያስተካክልለት አብሮት አይሄድም።

ባንጋሎር በሚገኝ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ቤተ ሙከራ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ናንጁንዳያ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታው ግን ለደመወዛቸው እንጂ ለእጃቸው አልደረሰም። በየማለዳው መጥተው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፣ አንዱን ሽቦ ነካ፣ ሌላውን ቁልፍ ዞር ያደርጉና «ሁለቱም እኩል!» ይላሉ። የጫማ ማሰሪያም ይሁን የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ፍርዳቸው ይኸው ነው።

የሚብሰው ቡና ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ከተማ ወዳጆች አንድ ቡና አዝዘው በሁለት ብርጭቆ ይካፈላሉ፤ «ባይ ቱ» ይሉታል። ናንጁንዳያ ባይ ቱ ሲቀርብላቸው ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የሁለቱን ብርጭቆ ከፍታ ያስተያያሉ።

«ሰር፣ ቡና እኮ ነው፤ ወርቅ አይደለም» ይላቸዋል አስተናጋጁ ባሳቫራጅ።

«ወርቅማ ቢሆን ሚዛን ነበረው። እዚህኛው ላይ ጠብ አድርግ! ሁለቱም እኩል!»

ከሚሸሿቸው መሐንዲሶች አንዷ ጊሪጃ ነበረች። ጊሪጃ ባሏ ከሞተ ወዲህ ባይ ቱ አዝዛ አታውቅም። ሙሉ ታዝዛለች፤ ግማሹን ትታ ትነሣለች። ስለዚህ ነገር ማንም ምንም አላለም፤ ናንጁንዳያም ቢሆኑ።

ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሣት ሥራዋ ብቻ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ምልክት በጥንድ ሽቦ ይመጣል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ መልእክቱ ያለው በመካከላቸው ባለው ልዩነት ነው። ጥንዱ ግን ቀጣዩ ክፍል ከሚችለው ቮልቴጅ በላይ ተሰቅሎ ይደርሳል። ስለዚህ ልዩነቱ ሳይነካ፣ ቀርፋፋውም ፈጣኑም ሞገድ መንገድ ሳይቀር፣ ሁለቱን በአንድነት ማውረድ ያስፈልጋል። ቃሬዛ ይዞ ደረጃ እንደ መውረድ ነው፤ አንዱ ተሸካሚ ከቀደመ ቃሬዛው ላይ ያለው ይንሸራተታል። ጊሪጃ ይህን ምሳሌ ለማንም አልነገረችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመሣሪያው ገዢዎች ይመጣሉ። የሰርኪዩቱን ውጤት ስክሪን ላይ የሚያሳየው መስመር በፊታቸው ከዋለለ ሥራው ለሌላ ቤተ ሙከራ ይሰጣል፤ እሷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። መስመሩ ደግሞ ይዋልላል። ማለዳ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ረፋዱ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ትራንዚስተሮቹን ቀየረች፣ ብየዳውን ደገመች። ወይ ፍንክች!

ናንጁንዳያ ትከሻዋ ላይ ደረሱ።

«አንዱ ከሌላው በልጧል፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ፣ ሰር።»

«ይህን ብሎን ትንሽ ዞር ባደርገውስ?»

«ብሎኑን ከነኩ እኔ በመስኮት እወጣለሁ።»

«በየትኛው መስኮት? የግራው አይከፈትም፤ ሳላስተካክለው ቀረሁ።»

ልትመልስላቸው ቀና ስትል ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ያለውን ቬንትሌተር አየችው። አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ መስመሩ ወጣ። ወደ ግራ መለሰ፤ መስመሩ ወረደ። ደግማ አየች። ከዚያ ተነሥታ አጠፋችው። መስመሩ እየተንቀራፈፈ መሐል ላይ መጥቶ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ አለ።

«ማነው ያጠፋው? በሙቀት ልትፈጂን ነው?» ናንጁንዳያ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ።

«ሰር፣ ይተዉት! ነፋሱ ጥንዱን በተራ ነው የሚመታው። አንዱ ትራንዚስተር ሲቀዘቅዝ ሌላው እንደሞቀ ነው። ማነው ግን ይህን እዚህ ያመጣው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የናንጁንዳያ እጅ የሚነካው አጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከሐዘንሽ የተመለስሽ ሰሞን። ፊትሽ ላይ ላብ አየሁ... ላብ መስሎኝ ነበር።»

ብለው ወጡ። ለጊሪጃ የተቀየሙ መሰላት። እሷም ብትሆን ገዢዎቹ ሲገቡ፣ ቬንትሌተር ሲበራላቸው፣ በር ሲከፈት፣ ሰው ሲተነፍስ ምን እንደምታደርግ ማሰብ ነበረባት። ቁጭ ማለት አቃታት፤ ስትዞር ቆየች።

ናንጁንዳያ አፋቸው ሞልቶ እያኘኩ ተመለሱ። በእጃቸው ባዶ የጣፋጭ ካርቶን ይዘዋል።

«ለሁሉም አድዬ የተረፈውን እኔ በላሁት። ሐኪሜ እንዳይሰማ» አሉና ካርቶኑን በሰርኪዩቱ ላይ ደፉት። ቬንትሌተሩን አበሩ። አንገቱ ዞረ፣ ተመለሰ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ከገዢዎቹ አንዷ ጎንበስ ብላ የጣፋጭ ቤቱን ስም አነበበች።

«ይህ ደግሞ የመሣሪያው አካል ነው?»

«የዛሬ ልብሱ ነው፣ እመቤት» አሉ ናንጁንዳያ። «ለእናንተ ሲላክ በልኩ እናሰፋለታለን።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ካርቶኑን አንሥታ መስመሩ ሲዋልል አየች፤ መልሳ ደፋችው፣ ጸጥ ሲል አየች። ከመሄዷ በፊት ለጊሪጃ «ክዳኑን ሥሪለትና እንወስደዋለን» አለቻት።

ገዢዎቹ ሲሄዱ ጊሪጃ ቡና ቤት ገብታ ተቀመጠች። ናንጁንዳያ ከፊቷ ያለውን ወንበር ጎትተው፣ አቃንተው፣ እንደገና ጎትተው ተቀመጡ።

«ሙሉ ነው አይደል፣ እህቴ?» አላት ባሳቫራጅ እንደ ልማዱ።

«ባይ ቱ» አለች።

ባሳቫራጅ አንድ ጊዜ ናንጁንዳያን አየና ሄደ። ቡናው ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ነጥቀው ራሳቸው ቀዱ። ጊሪጃ ብርጭቆዎቹን አየች። የእሷ በጣት ያህል ይበልጣል። ጎንበስ አላሉም፤ ዐይናቸውንም አልጨፈኑም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት።

«ሰር» አለች፣ «ሁለቱም እኩል!»

«ጠጪ፣ እናቴ» አሉ ዘወር ሳይሉ። «እኩል ነው።»

ጠጣች። ባሳቫራጅ ሲያነሣው ብርጭቆው ባዶ ነበር።