ቧንቧው በደረቀ ዘመን ቃል አቀባዩ ወደ ሬዲዮ የዘመቱበት ዜና

ንዌጥን እንከ፣ እንግዲህ እንጀምር! ውሃ ባይረዳን ጥማት እየረዳን፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ቃል አቀባይ የጀግንነት ዜና እንጽፋለን። ይኸውም የሆነው በዘመነ ጀሪካን፣ በሦስተኛው ሥራ አስኪያጅ ዘመነ መንግሥት፣ የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ደርቆ ሁለት ወር በሞላው ጊዜ፣ በዕለተ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። በዚያም ዘመን ቃል አቀባዩ፣ የክራባት ጌታ፣ መግለጫ አርቃቂ፣ ጥያቄ አዳላጭ፣ ማይክሮፎን ባዩ ቁጥር ጉሮሮአቸውን የሚጠርጉ፣ ገና በሹመታቸው ማለዳ ላይ ነበሩ። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚያውቁት ጦርነት የጽሑፍ መግለጫ ብቻ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ መልሶ አይጠይቅም።

በዚያ መሥሪያ ቤት አንዲት የተወገዘች ቃል ነበረች፤ እርሷም «አላውቅም» ናት። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ይህችን ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው አልተገኘም። የማያውቁትን የተጠየቁ እንደሆነ «እየተሠራበት ነው» ይላሉ፤ ምን እየተሠራ እንደሆነ የተጠየቁ እንደሆነ «በሂደት ላይ ነው» ይላሉ፤ ሂደቱ የት ደረሰ የሚል ደፋር የተነሣ እንደሆነም «ነገ ተመለስ» ይሉታል። መቼም ነገ አያልቅምና መሥሪያ ቤቱ በሰላም ይኖር ነበር።

እንዲህ ሳለ ከሬዲዮ ጣቢያው ጥሪ መጣ፤ በቀጥታ ስርጭት፣ ያውም ሹማምንቱ «መርፌ» ከሚሏት ጋዜጠኛ ጋር! ሥራ አስኪያጁ ይህን በሰሙ ጊዜ ሆዳቸውን አመማቸው፤ ምክትላቸውንም በዚያው ቅጽበት ሆዳቸውን አመማቸው፤ ዕጣውም በቃል አቀባዩ ላይ ወደቀ። የመግለጫ አሰጣጥ መምህርም በጥድፊያ ተጠርቶ መጣ፤ ሦስት ጋሻ አስታጠቃቸውና እንዲህ ሲል አወጀ፦ «አንደኛ፣ ጥያቄውን ያመስግኑ። ሁለተኛ፣ ‹ዋናው ጉዳይ ግን› ብለው ወደሚወዱት ወሬ ይሻገሩ። ሦስተኛ፣ መውጫ ሲያጡ ውሃ ይጎንጩ፤ እስኪውጡ ድረስ ጊዜ ያገኛሉ። አላውቅም ያሉ ዕለት ግን አለቀልዎት!» ቃል አቀባዩም ሦስቱን ጋሻ በመኝታ ቤታቸው መስታወት ፊት እየተለማመዱ ሰነበቱ፤ ባለቤታቸው የቤቱን ቁልፍ የት አደረግኸው ብትላቸው እንኳ ስለ ጥያቄው አመሰገኗት።

እናታቸው ግን በላይኛው ሰፈር የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጀሪካን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ በየመዞሪያው እየቆሙ የሚያርፉ እመቤት ነበሩ። የጎረቤት ሴቶችም ወረፋ ላይ «ልጅሽ እኮ የውሃ ሹም ነው» እያሉ ሲጎነትሏቸው ከርመዋልና፣ በዘመቻው ዋዜማ በስልክ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «ስማ አንተ ልጅ! ነገ ሰፈሩ ሁሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ ነው የሚሰማህ። ውሃው ለምን ጠፋ ሲሉህ እንደ ሌሎቹ ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድ ከሆነ፣ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ። ወረፋ ላይ ቀና ብዬ የምቆምበትን ፊት አታሳጣኝ!» ቃል አቀባዩ ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጡ። ከሥራ አስኪያጁ ቁጣ ይልቅ የእናታቸው ደጅ መዘጋት አስፈራቸው።

በማግሥቱም ዘመቱ። ከፊት ሹፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ ቀጥሎ መምህሩ ሦስቱን ጋሻ በጣቱ እየቆጠረ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው የተሻላቸው ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ፣ ሬዲዮ መልክ እንደማያሳይ የነገረው ስላልነበረ ሁለት ካሜራ አንግቦ፣ ከሁሉም በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው፤ እርሱም ለምን እንደመጣ አያውቅም፣ ይህን ማለት ግን ስለማይፈቀድ «በሂደት ላይ ነኝ» እያለ ተከተለ። መኪናዋ አንድ ብቻ ነበረችና ሠራዊቱ ተደራርቦ ሄደ።

ስቱዲዮው ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ ተቀምጧል። ሠራዊቱ በመስታወቱ ማዶ ቀረ፤ ጀግናው ብቻቸውን ገቡ። ቀይዋ መብራት በበራች ጊዜ መርፌ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ የላይኛው ሰፈር ውሃ ለምን ጠፋ የምትለውን ጦር ወረወረች። ቃል አቀባዩም አንደኛውን ጋሻ አነሡ፤ ጥያቄውን አመሰገኑ፣ ጠያቂዋን አመሰገኑ፣ ጣቢያውን አመሰገኑ፣ ሬዲዮን የፈለሰፈውንም ሰውዬ ሳይቀር አመሰገኑ። መርፌ ያችኑ ጦር መልሳ ወረወረች። ሁለተኛውን ጋሻ አነሡ፤ ዋናው ጉዳይ ግን ብለው ስለ ዝናብ አፈጣጠርና ስለ ዓሣ ጤንነት በሰፊው አብራሩ። መርፌም ያችኑ ጦር ለሦስተኛ ጊዜ ወረወረች፤ የወረወረችው ጦር አንድ ነበር፣ ግን አይዶለዱምም።

በዚህ ጊዜ ቃል አቀባዩ ብርጭቆውን አነሡና ጠጡ። ማይክሮፎኑ ከጉሮሮአቸው ሥር ነበርና ጉልጭ! ጉልጭ! የሚለው ድምፅ በከተማው ሁሉ ተሰማ። ባለታክሲዎች ሬዲዮውን ከፍ አደረጉ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። በእናታቸው ቤት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞረው ባዶዋን ጀሪካን አዩ፣ ከዚያም እናትየዋን አዩ፤ እናትየዋም መሬት መሬት አዩ። ወይ ጉድ! ቃል አቀባዩ ይህን ከየት ይወቁት፤ መርፌ በጠየቀች ቁጥር እየቀዱ፣ እየጠጡ፣ ቀዝቃዛ ነበር መሰለኝ መጨረሻ ላይ «እፎይ!» እስከማለት ደረሱ፤ ጆጉም ባዶውን ቀረ።

ያን ጊዜ የአድማጮች ስልክ ጮኸ፤ እንዲህ የሚል አዋጅም ወጣ፦ «ሃሎ? ይሰማል? ስሜ ይቅርብኝ። የሚጠጣውን ሰውዬ የወለድኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛዋ፣ ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አንተ ግን እግዜር ይይልህ! እኛ ቤት ቧንቧው እንዲህ ብሎ ከጮኸ ሁለት ወር አለፈው፤ ጭራሽ ጎረቤት ፊት ጉሮሮህን ታሰማኛለህ? አሁን ብርጭቆዋን አስቀምጥና ለተጠየቅከው መልስ ስጥ!» ስልኩም ተዘጋ።

ቃል አቀባዩ ጋሻ ቢፈልጉ ጋሻ የለም፤ ምስጋናው አልቋል፣ ዓሣው አልቋል፣ ጆጉ አልቋል። በመስታወቱ ማዶ መምህሩ ሁለት እጁን እያማታ ይከለክላል፤ ምክትሉ ሆዳቸውን እንደገና ይዘዋል። የእናታቸው ደጅ ግን በዓይናቸው ላይ ሲዘጋ ታያቸው፤ አፈሩም። ያን ጊዜ ክራባታቸውን ፈታ አድርገው፣ መሥሪያ ቤቱ ከተቆረቆረ ጀምሮ ማንም ያልደፈረውን አዋጅ አወጁ፦ «አላውቅም። ለምን እንደጠፋ አላውቅም። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚታለፍ ስማር ነው የሰነበትኩት። አሁን ወጥቼ እጠይቃለሁ፣ ነገ በዚህ ሰዓት መጥቼ ያገኘሁትን እናገራለሁ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ጆጉንም ጨርሼዋለሁ።»

መርፌ ሌላ ጦር ፈለገች፤ ያዘጋጀቻቸው ሁሉ ውሸት የሚወጉ ነበሩና አንድም የሚሆን አጣች። ዘፈን ጋበዘች።

ጀግናው ከዚያ ወጥተው፣ ከሠራዊቱ ሁሉ ቧንቧ ሠራተኛውን ብቻ አስከትለው፣ በቀጥታ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጡ። የመሥመሩን ጉድጓድ ክዳን ቢያነሡ የውሃ መዝጊያው ቫልቭ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ነገሩስ እንዲህ ኖሯል፤ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፏፏቴ በተመረቀ ዕለት፣ ለእንግዶቹ ከፍ ብሎ እንዲረጭ ሲባል የላይኛው ሰፈር መሥመር ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ተዘጋ፤ ከምርቃቱ በኋላም እያንዳንዱ ሌላው ይከፍተዋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀ ሁሉ «እየተሠራበት ነው» ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው! ቃል አቀባዩና ሠራተኛው መፍቻውን ተጋግዘው አዞሩት፤ ክራባቷም ጭቃ ጠጣች። በማግሥቱ ጀግናው እንደ ቃላቸው ሬዲዮ ጣቢያ ሄደው ነገሩን እንደሆነው ተናገሩ፤ ውሃም አልነኩም። ሥራ አስኪያጁም «ይህ ሰው ከእንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ ስም አንድ ቃል እንዳይተነፍስ! ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወር!» ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ወዲያውም ተፈጸመ። በዚያ መሥሪያ ቤት በዕለቱ የተፈጸመ ትእዛዝ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አመሻሹ ላይ ሹመታቸውን የተገፈፉት ጀግና ደረጃውን ወጥተው ከእናታቸው ደጅ ደረሱ፤ ማንኳኳት ፈርተውም ቆሙ። በሩ ተከፈተ። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል፤ ከጓሮ ቧንቧው ባልዲ ላይ ሲወርድ ይሰማል። እናታቸው አላቀፏቸውም፣ አልመረቋቸውምም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው አቀረቡላቸውና የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ጠጣ። አሁን ጠጣ።» እርሳቸውም ጠጡ፤ ጉልጭ ጉልጭ ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ ፊቱን ያዞረ ግን አልነበረም።

እነሆ ከዚያች ቀን ወዲህ፣ ፈረስ ባይኖራቸውም፣ የፈረስ ስማቸው አባ አላውቅም ሆነ። ክብር ለአባ አላውቅም፣ ጆግ አድራቂ፣ ቧንቧ አርጣቢ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጌታ፣ ስንት መፍቻ አለ ሲባሉ ተነሥተው ቆጥረው የሚመልሱ! እናታቸውም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ለሰማም ላልሰማም «የኔ ልጅ እኮ አያውቅም!» እያሉ ሲኮሩ ይኖራሉ።