ኦቦ ሌንጂሳና የታሸገው ደብዳቤ

ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ከሬጅስትራሩ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ተማሪም ሠራተኛም ያልሆነ፣ ግን ከሬጅስትራሩ በላይ መስፈርት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረውም አይችልም። የእኛ የአምቦዎቹ ሊቀ መስፈርት ክቡር ኦቦ ሌንጂሳ ናቸው።

ኦቦ ሌንጂሳ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ውሏቸው የዱሬቲ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ነው። ወረቀት ይዞ የሚያልፍ አያመልጣቸውም። ኮፒ ብታሳያቸው "ኦርጅናሉስ?" ይላሉ፤ ኦርጅናሉን ብታሳያቸው "ኮፒውስ?" ይላሉ። አንድ አዲስ ሙሽራ የሠርግ ፎቶውን ቢያሳያቸው ሙሽሪትን ትክ ብለው አይተው "ኦርጅናሏስ?" አሉ ይባላል። ከሸነን የመጣን አንድ መምህር የሕፃንነቱን የክትባት ካርድ ሳይቀር ኮፒ አስደርገውታል። ሬጅስትራሩ ካርዱን ሲመልስለት ኦቦ ሌንጂሳ "ግድ የለም፣ ለዶክትሬቱ ይሆንሃል" ብለው አጽናኑት።

እንዲህ ያለ ሰው "አይ፣ ይበቃኛል" ማለት የማይችል ደንበኛ ያስፈልገዋል። ያቺ ደንበኛ እኔ ነኝ።

ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በግጥም ምጣኔ ላይ ሠርቼ፣ እጃጂ ከተማ አማርኛ ላስተምር ተመደብኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተራችን አቶ ኤቢሳ "ሃዊ፣ አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ ዝምተኛ ደግሞ ያዳምጣል" ብለው የምክር አገልግሎት ቢሮውን ቁልፍ ሰጡኝ። ተማሪ ይመጣል፣ ተቀምጦ ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ደወል ሲደወል ተመሰጋግነን እንለያያለን።

የስድስተኛ ክፍሏ ሲንቄ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በየሐሙሱ መጥታ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣ ትሄድ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀረች። ከዚያ ከትምህርት ቤቱም ቀረች። ምን ብዬ ልጠይቃት ይገባ እንደነበር አላውቅም። ስለ እሷ ግጥም ጻፍኩ። ምጣኔው እንከን አልነበረውም።

በትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ ማስተርስ ለመማር የወሰንኩት ያን ክረምት፣ በምክር ቢሮው ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ማስታወቂያው በሳይኮሎጂ ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። ሌላ መስክ የተማረ ሰው በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ሁለት ዓመት መሥራቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከአሠሪው በታሸገ ፖስታ ያቀርባል። ከዚያ የመግቢያ ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ለገባ ደግሞ ሁለት ዓመት ኮርስ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተግባር ልምምድና የመመረቂያ ጥናት። ሁሉንም በድፍረት አነበብኩ፤ "ቃለ መጠይቅ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማስታወቂያውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ ጠዋት ፋይሌን ታቅፌ በዱሬቲ ደጃፍ ሳልፍ ተያዝኩ።

"ኢንተላ ኮ!" ልጄ ማለታቸው ነው። "ነይ እስቲ፣ ምን ልትማሪ ነው?"

"የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ።"

"የመጀመሪያው ዲግሪሽስ?"

"ሥነ ጽሑፍ... ያው ግጥም።"

"ይዛመዳል" ብለው ፈረዱ። "ግጥምም የሰው ሆድ ነው፣ ሳይኮሎጂም የሰው ሆድ ነው። ልዩነቱ ሳይኮሎጂ ደመወዝ አለው።"

ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ዋልኩ። ያለኝ ወረቀት ሁሉ በሦስት በሦስት ኮፒ ተደረገ። በመጨረሻ ፖስታው ብቻ ቀረ።

"ይሄስ?"

"የዳይሬክተራችን ደብዳቤ ነው። የታሸገ ነው።"

"ቢጠፋብሽስ? ኮፒ የሌለው ወረቀት እንዳልተጻፈ ነው። ክፈቺው!"

ዱሬቲ ከማሽኑ ጀርባ "ኧረ ኦቦ ሌንጂሳ፣ ልጅቷን አያስበሏት!" አለች። እኔ ግን "እሺ" አልኩና ከፈትኩት። ከግጥም አንዲት ቀለም ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ "የታሸገ" የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ቀደድኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "እህት፣ ይሄ ተከፍቷል" አለኝ። "እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት የታሸገና ማኅተም ያረፈበት ካላመጣሽ ማመልከቻሽ ውድቅ ነው።" ፈተናው ደግሞ ዓርብ ጠዋት ነው። እጃጂ ከሄድኩ ፈተናው ያልፈኛል፤ ከቀረሁ ደብዳቤው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኦቦ ሌንጂሳ የሆነውን ሰምተው ማስረጃ አልጠየቁም። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከእጃጂ ሚኒባስ ወርደው እያለከለኩ መጡ። ፖስታው ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ነበር። ታሽጓል፤ ማኅተሙም እጥፋቱ ላይ አርፏል። ዱሬቲ "ኮፒ ላድርገው?" ብላ ስታሾፍባቸው "ዞር በይ ከዚህ!" አሏት።

ፈተናውን አልፌ በሚቀጥለው ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። "ለምን ይህን መስክ መረጥሽ?" ሲሉኝ "እሺ" ብቻ አልኩ። ሰብሳቢዋ ደብዳቤዬን ገለጥ አደረጉ።

"እዚህ ከዳይሬክተሩ ፊርማ ሥር 'ምስክር፦ ሌንጂሳ ጀቤሳ' ይላል። የቤት ሽያጭ ውል ላይ ነው እንጂ የሥራ ደብዳቤ ላይ ምስክር አይተን አናውቅም። ዘመድሽ ናቸው?"

"ኤዬ" አልኩ። "አዎ፣ አጎቴ ናቸው።"

እንዲያ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፤ ደግሞም አልከበደኝም። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ስለ ሲንቄ ነገርኳቸው፤ ስለ ሐሙሶቹ፣ ሳልጠይቃት ስለቀረሁት፣ መጠየቅን ልማር መምጣቴን። ሰብሳቢዋ "ይበቃል፣ ገብቶናል" እስኪሉ ድረስ አላቆምኩም።

ስሜ በተቀባዮች ዝርዝር ላይ ሲለጠፍ ኦቦ ሌንጂሳን ለምን እንደፈረሙ ጠየቅኳቸው።

"ኤቢሳ ነዋ! 'ሥራዋን ታውቃለች፣ ነገር ግን ዝምተኛ ናት' ብሎ ሊጽፍ! ውሸት ነው አልኩት፤ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ስታወራ ነው የዋለችው። አላመነኝም። እንግዲያው ተናጋሪ መሆኗን እመሰክራለሁ ብዬ ፈረምኩ።"

ያን ረቡዕ ያወሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለ መዝገብ ቤቱ ሣጥኖች፣ ጭልሞ ጫካ ስለጠፋባቸው በሬ፣ ካረፉ አራት ዓመት ስለሆናቸው ባለቤታቸው ነገሩኝ። እኔ እጆቼን ፋይሌ ላይ አድርጌ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሰማኋቸው። ስለ ወረቀቶቼ ከመለስኩት ሌላ የተናገርኩት ተለቅሞ ቢጻፍ ስድስት "እሺ" አይሞላም።