ሊቀ እንጉዳይና ሁለቱ እህትማማቾች

እንጉዳይ አውቃለሁ የሚል ሰው «አላውቅም» ማለትን አያውቅም። የጫካ ጎረቤት የሆነ ሰፈር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይደርሰዋል። ለእኛ የደረሰን ክቡር ሊቀ እንጉዳይ፣ ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ነው።

ደህና አደርክ ቢሉት መልሱ እንጉዳይ ነው። ቀብር ላይ እንኳ «እዚህ ዛፍ ሥር ጥሩ ይበቅላል» ሲል ተሰምቷል።

«ሁለት እህትማማቾች ናቸው» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «ባርኔጣቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። ደጓ ስትቆረጥ እንደ ዓይን አፋር ሙሽራ ቀስ ብላ ትቀላለች። ክፉዋ እግሯ ሥር ሲቆርጧት ወዲያው ቢጫ ናት፤ ሽታዋም የጽሕፈት ቀለም! ዓይን ይሳሳታል፤ ዳኛው አፍንጫ ነው።»

ዳኛው ግን በጡረታ ከተሰናበተ ቆይቷል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። አንድ ክፉ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ወተት ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲያር፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። እንጉዳይ ሲያመጣ ፈተና አስመስሎ «እስቲ አሽትቺና ንገሪኝ» ይላታል። ስትነግረው «ጎበዝ፣ እየገባሽ ነው!» እሷም ተማሪ መስላ ትኖራለች።

የልጃቸው አማቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ የመጡ ቀን ግን ፈተናው ቀረ። ዳቦ ልትገዛ ወጣ ስትል፣ ክቡርነታቸው እንጉዳዩን ራሳቸው ከትፈው መጥበሻውን ጥደው ጠበቋት። ቢጫውስ? በእንግዳ ፊት መነጽር ማድረግ ለሊቅ ነውር ነው።

ገና በሩን ስትከፍት የቀለሙ ሽታ ተቀበላት። አማትየዋ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል።

«ጌታው፣ ቤት እያስቀቡ ነው እንዴ?»

«እሜቴ፣ የጫካ ሽታ እኮ ነው!» አለ፣ ሹካ እያቀበላቸው።

«እንዳትበሉ» ብትል ባሏ በእንግዶቹ ፊት አለቀለት። ዝም ብትል ሁሉም ሆዱን ይዞ ሽንት ቤት ሊሰለፍ ነው። መጥበሻውን አነሳችና ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

«ውይ እጄን!»

«መጥበሻ እንዲህ አይያዝም!» ብሎ ስለ መጥበሻ አያያዝ ማስተማር ጀመረ። አማቶቹ የተጠበሰላቸውን እንቁላል በልተው እስኪጨርሱ አላቆመም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ተንበርክኮ ወለሉን ይወለውል ጀመር፤ በዕድሜው አድርጎት አያውቅም።

«አንቺ» አላት ሳያያት፣ «ምን ይሸት ነበር?»

«ቀለም።»

ጨርቁን ጨመቀ። «በጣም?»

«ሴትየዋ ቤት ታስቀባለህ ወይ ብለው ጠይቀውህ የለ?»

«እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ...»

በማግስቱ ሁለት ቅርጫት ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ «ነይ እንጂ አፍንጫዬ፣ እየረፈደ ነው!» ሲል ጮኸ። የጫማዋን ማሰሪያ ሳታስር ተከተለችው።

ዝንብ ብታገባ የማያመልጠን እኛ፣ ይህችን አንዲት ነገር ሳናማ አለፍናት። እኔንም ይኸው ዛሬ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።