ያ ሳቲር የማትለው ካሜራ

መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። የመን፣ ዓደን ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ድንጋይ ያስወረውራል። ማራገቢያው ሲቆም ሰፈራችን መንሱራ በሙሉ በአንድ አፍ ይራገማል። እኔ አንገቴን ደፍቼ በሆዴ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ከተማው ሲጨልም ኮከብ ይታያላ!

ኮከብ ፎቶ አነሳለሁ። አትሳቁ። ቀን ሀሽሚ ገበያ ስልክ እጠግናለሁ፤ ሲመሽ ሰማይ ላይ አፈጣለሁ። ካሜራዋ የባለቤቴ የዘይነብ ነበረች። ዘይነብ የሴቶች ሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። እዚህ አገር የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባም። ሒጃባቸውን አውልቀው፣ አጊጠው ሲጨፍሩ እሷና ካሜራዋ ብቻ ናቸው የሚያዩዋቸው። ከዚያ አዳራሽ አንድ ፎቶ እንኳ ሾልኮ ወጥቶ አያውቅም።

አዲስ ካሜራ ስትገዛ አሮጌዋ ለእኔ ደረሰችኝ። የጀርባዋ ስክሪን ሞቷል፤ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ካልተያያዘች ያነሳችውን ማየት አይቻልም። ታዲያ ምን ቸገረኝ? ላፕቶፑ ያዛታል፤ እሷ ለአስር ሰከንድ ዓይኗን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ከዚያ በላይ ከቆየች ኮከቡ ይንሸራተትና ትል ይመስላል። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ሲታይ ጥቁር ነው። ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም እንደ ላሖህ ቂጣ ይደራርባቸውና ከዚያ ሁሉ ጥቁር መሐል ሰማይ ያወጣል። አሮጌ ካሜራ፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ የሶላር ባትሪ። እንዲህ ያለ ሀብት የሰጠኝን አምላክ አለማመስገን ነውር ነው።

ችግሩ ጣሪያው ነው። በሙቀቱ ወራት ጣሪያ የሴቶች መኝታ ነው። አከራያችን ኡሙ ሳሊም ከነልጆቻቸው ከነምራቶቻቸው እዚያ ይተኛሉ። ወንድ ወደ ላይ ሲወጣ ከመጀመሪያው ደረጃ አንስቶ «ያ ሳቲር! ያ ሳቲር!» እያለ ነው። ገመና ሸፋኙን አምላክ መጥራቱም ነው፣ ለሴቶቹ መሸፈኛ ጊዜ መስጠቱም ነው። እኔ «ያ ሳቲር» ባልኩ ቁጥር እነዚያ ሁሉ ሴቶች ፍራሻቸውን ትተው፣ በዚያ ሙቀት ወደ ቤት ይወርዱልኛል። ለምን? ለኮከብ! አፈርኩ።

ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣልኝ። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አይደል የሚባለው? ረጅም ገመድ ገዛሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ዘይነብ ካሜራዋን ጣሪያ ላይ ተክላ ገመዱን በመስኮት አወረደችልኝ። ኡሙ ሳሊም ከነቤተሰባቸው ዘመድ ጥየቃ ሄደው ስለነበር የነገራቸው የለም። እኔ ሽርጤን አገልድሜ፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ ካሜራዋን ከታች አዝዛለሁ። ማንንም ከመኝታው ሳላስነሳ! በዓደን ምድር እንደኔ ያለ ጨዋ ወንድ የለም ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ድንገት ኮከቦቹ ከላፕቶፑ ላይ ድርግም አሉ። ደመና መሰለኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ደግሜ አመሰገንኩ። ለካስ ደመናው የኡሙ ሳሊም አንሶላ ኖሯል።

ሴትዮዋ ተመልሰው ሊተኙ ሲወጡ በጨለማው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ሰሙ። «መን?» አሉ፤ ማነው ማለታቸው ነው። «ቀጭ።» «መን?» «ቀጭ።» አንሶላቸውን ወረወሩባት። ከዚያ ገመዱ የገባበትን መስኮት አዩና፣ ካሜራዋን ባንሶላ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ወንድ ሲሆን ያ ሳቲር ይላል» አሉ። «ይሄ ዕቃ ምን ይላል?»

ወላሂ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ከጣሪያው ወረድኩ እንጂ ዓይኔን እዚያው ትቼው ነበር። ነገ ቤቴን ልቀቁልኝ አሉ። ልጆች ላሉት ሐበሻ መንሱራ ውስጥ ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ይሄንንም ያገኘነው ዘይነብ የልጃቸውን ሠርግ ስላነሳች ነው።

ዘይነብ ግን ፍንክች አላለችም። «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ይግቡ። አንድ በአንድ በዓይንዎ ይዩት። የአንዳችሁ ፊት ከተገኘ ልጆቼን ይዤ ዛሬውኑ እወጣለሁ» አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አንተ ውጣ» አለችኝ። የአንዷ ፀጉር ተነስቶ ቢሆንስ? እኔ እንዳላይ ነው።

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የገዛ ፍርዴን በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ። «ይሄ ጥቁር ነው።» «ይሄም ጥቁር ነው።» «ዘይነብ፣ ባልሽ ጤነኛ ነው?» ከዚያ ዘይነብ ፎቶዎቹን እንዲደራርብ ፕሮግራሙን ነካች መሰለኝ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረስኩ።

«ዐቅረብ!» አሉ ኡሙ ሳሊም። ዐቅረብ ጊንጥ ነው፤ ኮከቦቹ ጅራቱን እንደ ቀሰረ ጊንጥ ተደርድረው ወጥተውላቸው ነው። «ማሻአላህ! ይሄ ሁሉ ከፍራሼ በላይ ነበር?»

በሩ ተከፈተ። ካሜራዋን የምትተክለውም የምታነሳውም ዘይነብ ትሁን፣ እኛም አስቀድሞ ይነገረን አሉና አንሶላቸውን ይዘው ወጡ። ቤታችን ተረፈልን። እንዲህ ያለች ሚስት ለሰጠኝ፣ ቁጣዋን በዓይኗ አጣርታ የምትመልስ አከራይ ቤት ላስገባኝ አምላክ ምስጋናዬ አያልቅም።

በማግስቱ ምሽት ኡሙ ሳሊም ዘይነብን አስጠሯት። ኩላቸውን ተኩለው፣ የሠርግ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከነልጆቻቸው ከነምራቶቻቸው ጣሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ከጊንጡ ሥር አንሺን አሉ። ላፕቶፑን እስከ ደረጃው ተሸክሜ ተመለስኩ። ዘይነብ የስልኳን መብራት አንዴ ብልጭ አድርጋባቸው፣ እንዳይነቃነቁ ለመነቻቸው፤ ጊንጡን ኋላ ደጋግማ አንስታ ደረበችበት። ኡሙ ሳሊም አስር ሰከንድ ሙሉ አፋቸውን የዘጉት ያኔ ብቻ ነው ይላሉ ምራቶቻቸው።

ፎቶው ለባለቤቶቹ ተሰጠ፤ ከላፕቶፑም ወዲያው ተሰረዘ። ያቺ አሮጌ ካሜራ ካነሳቻቸው ሁሉ እንደሱ የሚያምር የለም ትላለች ዘይነብ። እኔ ምን አውቄ? እስከ ዛሬ አላየሁትም።