የፍስኩ ለእናት፣ የጾሙ ለአባት

[ጎንደር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ረቡዕ፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ። የትክል ድንጋዩ ገበሬ ሰጠኝና ሚስቱ ሐረገወይን ከተፋቱ መንፈቅ ሆኗቸዋል። የአራት ዓመቷ ልጃቸው እንኳየሁ በሁለቱም ቤት ትደግ ተብሏል። መቼ ከማን ጋር እንደምትሆንና ቀለቧ እንዴት እንደሚቆረጥ ግን ዳኛው “ተስማምታችሁ ግቡ” ብለው ወደ ውጭ መልሰዋቸዋል። ስለ ሐረገወይን የሚናገረው ወንድሟ ነገረ ፈጁ ፋንታሁን ነው። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከአጥሩ ጥላ ተቀምጧል። ከዚህ ገበሬ ጋር መከራከር ለሱ ሥራ አይደለም፤ የምሳ ሰዓት መጠበቂያ ነው።]

ፋንታሁን፦ የልጅቱ የመንገድ ቆሎ ያንተ ነው አልኩህ።

ሰጠኝ፦ ምነው አያ ፋንታሁን? መንገዱ እኮ ግማሹ የእናቷ ነው።

ፋንታሁን፦ መንገድ የማንም አይደለም። ልጅቱ በማን በቅሎ ነው የምትመላለስ?

ሰጠኝ፦ በኔ።

ፋንታሁን፦ በቅሎዋ ያንተ ከሆነች በቅሎዋ ላይ የሚበላው ሁሉ ያንተ ነው። ሕጉ ይኸው ነው።

ሰጠኝ፦ ለቆሎም ሕግ አለው?

ፋንታሁን፦ ለሁሉም አለው። የማታውቀው አንተ ነህ።

ሰጠኝ፦ ሸጋ። ቆሎው የኔ ይሁን። ቦራስ?

[ቦራ ላም ናት። ንብረቱ ሲካፈል ለልጅቱ ቀለብ ተብላ ከመሀል የቀረች፣ ጥጃ የምታጠባ የወተት ላም። ፋንታሁን ዛሬ የመጣው እሷን እየነዳ ሊመለስ ነው።]

ፋንታሁን፦ ላሚቱ ልጅቱ ብዙውን ጊዜ ከምትኖርበት ደጅ ትታሰራለች። አለቀ።

ሰጠኝ፦ ብዙውን ጊዜ ከኔ ጋር ብትሆንስ?

ፋንታሁን፦ [እየሳቀ] እንግዲያማ ካንተ ደጅ ትታሰር።

ሰጠኝ፦ ሸጋ። ይያዝልኝ።

ፋንታሁን፦ የኔ ቃል ሳይያዝ ቀርቶ ያውቃል? አሁን ክፍፍሉን ስማ። የፍስኩ ጊዜ ከእናቷ ጋር ትሆናለች፤ የጾሙን አንተ ትወስዳለህ።

ሰጠኝ፦ ምነው የጾሙ ለኔ?

ፋንታሁን፦ አዝኜልህ ነው። በጾም ምን ይበላል? ሽሮ። በፍስክ ግን ዶሮው አለ፣ ማሩ አለ፣ ቅቤው አለ። እሱን እኛ እንችለዋለን። አንተ ማሩንና ቅቤውን ብቻ ትልካለህ።

ሰጠኝ፦ የምትችሉት እናንተ፣ የምልከው እኔ።

ፋንታሁን፦ ገባህ። እየተሻለህ ነው።

ሰጠኝ፦ እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ኋላ እንዳንጣላ የትኛው ጾም እንደሆነ ይንገሩኝ።

ፋንታሁን፦ ጾም አታውቅም?

ሰጠኝ፦ ሁዳዴን አውቃለሁ።

ፋንታሁን፦ ሁዳዴ ያንተ ነው። ፍልሰታም ያንተ።

ሰጠኝ፦ የነቢያት?

ፋንታሁን፦ ያንተ።

ሰጠኝ፦ የሐዋርያትን የቄስ ጾም ነው የሚሉ አሉ። እናንተ ቤት ይጾማል?

[ፋንታሁን ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ። እሱ ራሱ ከጣሊያን ጊዜ ወዲህ የሐዋርያት ጾም መቼ እንደሚገባ ጠይቆ አያውቅም፤ ይህ ግን ለገበሬ የሚነገር አይደለም።]

ፋንታሁን፦ የመሪጌታ ቤት ጾም ያጓድላል?

ሰጠኝ፦ ኧረ እኔ አላልኩም። ጽጌንስ? እሱ በፈቃድ ነው ይላሉ።

ፋንታሁን፦ ለናንተ በፈቃድ ይሁን። እኛ ቤት በፈቃድ የሚባል ጾም የለም።

ሰጠኝ፦ እንግዲያ ጽጌም የኔ።

ፋንታሁን፦ ጠራርገህ ውሰደው።

ሰጠኝ፦ ረቡዕና ዓርብ?

ፋንታሁን፦ ይህም ይጠየቃል?

ሰጠኝ፦ መሀል ያለችው ሐሙስ ግን ፍስክ ናት። ረቡዕ ማታ እናቷ ዘንድ ላድርሳት፣ ሐሙስ ማታ ልመልሳት? በቅሎዋ ምን በወጣት።

ፋንታሁን፦ ሐሙስንም ያዛት። ለአንድ ቀን ቅቤ አንጣላም።

ሰጠኝ፦ ቆሎውስ ይቀነስልኛል?

ፋንታሁን፦ ቆሎ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።

[ዘበኛው ከበሩ ብቅ ብሎ የሐረገወይንን ስም ይጣራል። ፋንታሁን ተነሥቶ ለዳኛው የሚለውን በልቡ ይደረድራል። ለእኅቱ የደረሰውን ሲፈልግ መስከረምን አገኘ። ጥቅምት ላይ ጽጌ ተኝቶበታል። ኅዳርና ታኅሣሥን የነቢያት ወስዷል። ጥርን አገኘ፤ ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ትንፋሹ መለስ አለ፣ ከዚያ የሐዋርያት መጣ። ተመልሶ ተቀመጠ።]

ፋንታሁን፦ ሰጠኝ።

ሰጠኝ፦ አቤት አያ።

ፋንታሁን፦ ጽጌን እንተወው። እውነትም በፈቃድ ነው።

ሰጠኝ፦ የመሪጌታ ቤት?

ፋንታሁን፦ የሐዋርያትንም።

ሰጠኝ፦ ሸጋ። ታዲያ ለዳኛው አንቱ ይንገሩልኝ፤ እኔ አፍ የለኝም። “እኛ ቤት አይጾምም” ይበሉ። ሐረግም እዚያ ቆማለች፣ ትሰማለች።

[ፋንታሁን ወደ በሩ ያያል። ሐረገወይን በሕይወቷ አንድ ረቡዕ ገድፋ አታውቅም። ወንድሟም የማይገድፍ ይመስላታል።]

ፋንታሁን፦ ልጅቱን በሽሮ ልትገድላት ነው?

ሰጠኝ፦ የአራት ዓመት ልጅ መቼ ጾመች? በጾም ወተቱን የሚሻማት የለም። ቦራ እንዳለች የሷ ናት።

ፋንታሁን፦ መክረህ ነው የመጣህ።

ሰጠኝ፦ እኔስ የመጣሁት ቅዳሜና እሑድን ልለምን ነበር። ከብት አስገብቼ ስቀመጥ ቤቱ ጭር ይልብኛል። የቀረውን የሰጡኝ አንቱ ነዎት።

ፋንታሁን፦ ለሐረግ ምን እላታለሁ?

ሰጠኝ፦ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ልጅቱ ካባቷ ጋር ትሄዳለች፣ ቦራም ትከተላለች ይበሏት። ስትናፍቃት ትምጣ፤ ቆሎው የኔ ነው።

[ወደ በሩ ይራመድና መለስ ይላል።]

ሰጠኝ፦ አንቱም ቶሎ ይጨርሱ አያ። ባለፈው ዓርብ ሲበሉ በመስኮት እንዳየሁዎት፣ ከጣሊያኑ ምግብ ቤት ፓስታ በሥጋው ቶሎ ነው የሚያልቅ።