ተራዬን ለገብስ

በር ላይ ስንደርስ የምንሆነውን መቼም ታውቁታላችሁ። "ይግቡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ"፣ "በሞቴ!" ስንባባል ውስጥ የቀረበው ወጥ ይቀዘቅዛል። በዚህ በኩል የሚስተካከለኝ የለም። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ የሲቲ ስካን ክፍል ደጃፍ ላይ እስክቀመጥ ድረስ።

ጎኔን ይወጋኝ ከጀመረ ከርሟል። አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ የትናንቱ ሽሮ ነው እያልኩ ስሸነግለው ቆይቼ፣ ሐኪሙ "ውስጡ ይታይ" አለኝ። ውስጡ ይታይ! እስቲ አሁን ይህን የሰማ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔማ ገና ሳልታይ ልጆቼን ማን እንደሚያሳድግልኝ ሳስብ ሰነበትኩ። አብረውኝ የመጡት አጎቴ አያ ታከለ ናቸው፤ ገብሳቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ከጉና የወረዱት ለዚሁ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የአንበሳሜ ጨርቅ ነጋዴ ጉልበታቸውን ይዘው ያቃስታሉ። "እርስዎ ይቅደሙ" አልኳቸው።

"አላህ ውለታህን ይክፈልህ የኔ ልጅ!"

ምርቃቱ ጣመኝ። ቀጥሎ ላለውም ለቀቅሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ላለውም። አያ ታከለ በጎሪጥ ያዩኛል። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ከእኛ ሌላ የቀረችው አንዲት ወጣት ተመራማሪ ናት፤ ጭኗ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ የበቀለ ገብስ አቅፋለች። ሥሩ ሳይነቀል አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በመሣሪያው ልታየው ፈቃድ አግኝታ፣ በሽተኛ እስኪያልቅ ነው የምትጠብቀው።

"እኛማ የምናየው ነቅለን ነው" አሏት አያ ታከለ፤ "ካየነው በኋላ ግን ገብስ የለም።"

"ተራዬን ውሰጂው" አልኳት እኔ፤ "ገብሱ ይቅደም።"

"እርስዎ አሞዎት አይደል እንዴ የመጡት?"

"ግዴለም፣ እደርሳለሁ።"

ገብሱ ገባ፤ ወጣ። ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። ልጅቷ ምስሉን በላፕቶፗ አሳየችን፤ ከአፈሩ መሐል እንደ ነጭ ክር የተዘረጋ ሥር ይታያል። በአንድ በኩል ግን ክሩ ድንገት ይቋረጣል።

"እዚህ ጋ ውሃ አቁሮበታል" አለች፤ "ደግነቱ በጊዜ አየነው። ውሃውን ከቀነስንለት ይተርፋል።"

አያ ታከለ ለምለሙን ቅጠል ዳሰስ አደረጉት። "ላዩን ላየው ሰው እኮ ምንም አይልም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ተራዬን የምሰጠው ሰው ፍለጋ ወደ አግዳሚው ዞርኩ። ማንም የለም።

"ቀጣይ!" ተባለ።

ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈራሁ። አግዳሚውን ሙጥኝ አልኩ። አያ ታከለ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ያ አመሌ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ጎንበስ ብዬ "አያ፣ ይቅደሙ" አልኳቸው።

"እኔን መች አመመኝና!" አሉ። "አንተ ግባ።"

ገባሁ።