የሙሀባ ዐይንና የእትዬ ሐረገወይን ክልከላ

በአገራችን ውሃ የሌለው ሰፈር አለ፣ መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ ከልካይ የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰው ሲታመም ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሐኪሙ ከሄደ በኋላም የማይሄድ፣ “እሱማ አይስማማሽም!” እያለ ከበሽተኛ እጅ ማንኪያ የሚቀማ ሰው በየአጥሩ ማዶ ይኖራል። ለሸዋ ሮቢቷ ሙሀባ የደረሷት ከልካይ ደግሞ የከልካዮች ሁሉ አለቃ ነበሩ፤ ክብርት እትዬ ሐረገወይን።

እትዬ ሐረገወይን ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ዩኒት ሊደርነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አርፋጅ ሲያንበረክኩ ኖረው በድንገት የሚከለክሉት ልጅ ሲያጡ፣ ቀበሌው የአንድ ለአምስት ጠርናፊ አደረጋቸው። እሱም አልበቃቸውም። በአንድ ለአምስት የሚገኘው አምስት ሰው ብቻ ነው፤ የእሳቸው ክልከላ ግን ለአንድ ወረዳ ይበቃል።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው ሙሀባ የታመመችላቸው።

ሙሀባ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ ከአጣዬው የሽንኩርት ነጋዴ ከአብዱልሃዲ ጋር ኒካህ ለማሰር ጥቂት ወራት የቀራት ሴት ነበረች። ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ በሄደችበት ጊዜ የአንድ ውበት ሳሎን ባለቤት ግንባሯን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ “ይቺን መስመር በአንድ መርፌ ላጥፋልሽ?” አለቻት። ሙሀባ ግንባሯ ላይ መስመር እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር። ካወቀች በኋላ ደግሞ መርሳት አቃታት፤ ተወጋች።

መርፌው ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ነው፤ በልኩና በባለሙያ እጅ ሲሰጥ መስመር ያጠፋል ይባላል። የሙሀባው ግን ግንባሯን ትቶ ወደ ታች ወረደና የግራ ዐይኗን ቆብ አዛለው። ሸዋ ሮቢት በገባች በጥቂት ቀን ውስጥ ግራ ዐይኗ እንደ ሱቅ መዝጊያ እስከ ግማሽ ተዘጋ። ከዚያ ብሶ የጎረሰችው እህል ጉሮሮዋ ላይ ይቆም ጀመር።

“የሠርግሽ ጊዜ ደርሶ!” አሉ እትዬ ሐረገወይን፤ ነጠላቸውን አንስተው ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ሄዱ። የበሽተኛው ወንበር ላይም ቀድመው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ዶክተር ናትናኤል ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ ነው። መርምሮ ሲጨርስ ረጋ ብሎ ተናገረ። “መድኃኒቱ ራሱ ይለቃል፤ ግን ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ፊትሽን አትነካኪ፣ ማንም እንዳያሽሽ። ሌላ መርፌ እንዳትወጊ። ሳትጠይቂኝ መድኃኒት አትግዢ፤ የሚያባብሱት አንቲባዮቲኮች አሉ። ምግብሽ ለስላሳ ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ ዋጪ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ መዋጥ ከባሰብሽ ወይም ድምፅሽ ከተለወጠ ግን ሰዓት ሳታዪ ነይ። ለጊዜው ከኃይለኛ ሙቀትም ራቂ።”

“ከሙቀት?” አለች ሙሀባ። “ዶክተር፣ የምኖረው እኮ ሸዋ ሮቢት ነው።”

ዶክተሩ ጀርባው ላይ የተጣበቀውን ሸሚዝ ላቀቀና፣ “እኔም” አላት።

ሐኪሙ የከለከለው ይኸው ነበር። ባጃጁ ቤት እስኪደርስ ግን ክልከላው ተራባ። መሳቅ ተከለከለ፤ ፊት ያንቀሳቅሳልና። ማልቀስ ተከለከለ። የቴሌቪዥን ድራማ ሁለቱንም ስለሚያመጣ ተከለከለ። ማንጎ ዛፍ ቀና ብሎ ማየት ተከለከለ።

“ማሰብም ትተሽ ተቀመጪ” አሉ እትዬ ሐረገወይን። “ሐሳብ ግንባር ያስጨማድዳል።”

“መተንፈስስ ይፈቀድልኛል?”

“በልኩ።”

ሙቀቱን ለመሸሽ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ይዘዋት ወጥተው ዘመዶቻቸው ቤት አስቀመጧት። ደጋው የቆላ ሰው አያውቅም፤ ሙሀባ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ ከዚያም ማስነጠስ ጀመረች።

“አታስነጥሺ!” ብለው ጮኹ። “ሐኪሙ ፊትሽን አታስጨንቂው ብሏል!”

“መቼ አለ?”

“ሊል ሲል ነው የወጣነው።”

በማግስቱ ወደ ሙቀቱ ተመለሱ።

አክስቷ ዘምዘም አዝነው ወጌሻ ይዘው ከነቅቤው ሲመጡ፣ እትዬ ሐረገወይን በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። “ዐይን ወለምታ አይደለም! መታሸት ክልክል ነው!” ወጌሻው ቅቤውን እንደያዘ ተመለሰ። ይህ አንዱ እንኳ ሐኪሙ በእርግጥ የከለከለው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን ያ ሁሉ ቀልድ ቆመ። የአዲስ አበባዋ ሳሎን ባለቤት ወሬውን ሰምታ ደወለች። “የኔ ቆንጆ፣ ምንም አትጨነቂ። ብቅ በይና ቀኙንም ትንሽ ልውጋልሽ፤ ሁለቱ እኩል ይሆኑልሻል።”

ሙሀባ ወደ መስተዋቱ ዞረች። ሠርጉ እየቀረበ ነው፤ መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴት ደግሞ ከቀን ቀን አልተለወጠችም። “መቼ ልምጣ?” ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ።

“ሁለቱንም ዘግተሽ በምኗ ልታይሽ ነው?” አሉ እትዬ ሐረገወይን ለባለ ሳሎኗ፤ ስልኩንም ዘጉባት።

“የራሴ ፊት ነው!” ሙሀባ ጮኸች። “ሁሉን ከለከሉኝ! በዚህ ዐይን እንዴት ነው የምዳረው? ለእርስዎ ምን ቸገረዎት?” እንባዋ ከተከፈተውም ካልተከፈተውም ዐይኗ ወረደ።

እትዬ ሐረገወይን ክልከላቸው ጠፋባቸው። አጠገቧ ተቀመጡ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሏት። “እሺ፣ አልቅሺ” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ እያየሁሽ ከሆነ ይፈቀዳል።”

አብዱልሃዲ ሽንኩርት ተሸክሞ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ሙሀባ መጋረጃ ኋላ ትደበቅ ነበር። ደጅ ላይ የሚቀበሉት እትዬ ሐረገወይን ናቸው።

“ሐኪሙ እጮኛ ከልክሏል” አሉት አንድ ቀን ፈርጠም ብለው።

“እጮኛ?”

“በዝርዝሩ ላይ ከመርፌ በኋላ፣ ከሙቀት በፊት አስፍሮታል። በል ሽንኩርቱን አስቀምጥና ሂድ።”

ሙሀባ ያን ቀን፣ መጋረጃው ኋላ ሆና፣ ከልካይዋን መረቀች። እንዲህ ያለ ነገር ከዶክተሩ አፍ አልወጣም፤ እሷም እሳቸውም ያውቁታል።

ሽንኩርቱ ጓዳውን ሞልቶ መተላለፊያውን ሲዘጋ ግን መደበቁ አበቃ። ዐይኗን ደፍታ ወጣች። አብዱልሃዲ አያት፣ አያትና ሳቁን ለቀቀው።

“እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? ወላሂ ባለፈው በመጋረጃው ጥግ ስታዪኝ ጠቀስሽኝ ብዬ እስከ አጣዬ ሳፏጭ ነው የሄድኩት!”

ሙሀባ ሳቀች፤ ክልክል መሆኑን ረስታ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እትዬ ሐረገወይን “ኧረ ፊቷን!” ሊሉ ብለው እሳቸውም አላስቻላቸው፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

ከሳምንታት በኋላ እህሉ ይዋጥላት ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ስትቆም ሁለት ሙሉ ዐይኖች መልሰው አዩዋት። “አልሀምዱሊላህ!” ብላ ልትጮህ ስትል የአጥሩ በር ተንኳኳ። እትዬ ሐረገወይን አጥሚት በፔርሙስ ይዘው፣ የዕለቱን ክልከላ ገና ከደጅ እያወጁ ገቡ።

ሙሀባ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው የግራ ዐይኗን ቆብ መልሳ ጣለችው።

በማግስቱም ጣለችው። ልትነግራቸው ታስብና፣ ነገ አጥሩ ዝም ሲል፣ ጠዋቱ ያለ አጥሚትና ያለ ጩኸት ሲያልፍ ይታያትና ትተወዋለች። ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ዐይኗን ስትጨፍን ሰነበተች፤ ከሕመሙ ይልቅ ማስመሰሉ አደከማት።

በመጨረሻ አልቻለችም። “እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለች፤ ዐይኗንም ገልጣ አሳየቻቸው። “ድኛለሁ። ከዳንኩም ቆየሁ። እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው።”

እትዬ ሐረገወይን አጥሚቱን እየቀዱ ቀና እንኳ አላሉም።

“መዳንሽን በመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ” አሉ። “ታዲያ ምን ላድርግ? ገና ያልከለከልኩሽ ብዙ ነገር ቀርቶኝ ነበር።”